ሲጠብቅና ሲላላ፦ የአንባቢዎች ጥያቄና መልስ

የዛሬዎቹ ጥያቄዎች ሁሉም ከጅማ የመጡ ናቸው።

ከጓደኛዬ ጋር ተኮራርፈን ነበር። ልታረቃት ብዬ «ሁሉም ይረሳል» የሚል ቴክስት ላክሁላት። ጭራሽ ባሰባት። ምን አጠፋሁ? (ከሄርማታ)

እህቴ፣ ክፋት አልነበረብሽም። አንቺ «ረ»ንም «ሳ»ንም አጥብቀሽ ነው ያሰብሽው፤ ጠባችን ይረሳል፣ ያልፋል ለማለት። እሷ ግን አላልታ አነበበችው። ያን ጊዜ «ሰው ሁሉ ይረሳል፣ አንቺም እንደ ሌላው ነሽ» ይሆናል። የተቀየመ ሰው ደግሞ የሚያመውን ንባብ ነው መጀመሪያ የሚያየው።

ፊደላችን መጥበቅና መላላትን አያሳይም። «ገና» ሲላላ ጊዜው አልደረሰም ነው፣ ሲጠብቅ በዓል ነው። «አለ» ሲላላ ተናገረ፣ ሲጠብቅ ይኖራል። «ይበላል» ብለን ስንጽፍ በጉ ሣር ይብላ ወይ ራሱ ይበላ አይታወቅም። ስናወራ ችግር የለም፤ ጆሮ ይለየዋል። ቴክስት ላይ ግን ጆሮ የለም።

እዚያው ጅማ ይህን በዓይንሽ ማየት ትችያለሽ። አፋን ኦሮሞ ከ1984 ዓ.ም. ጀምሮ በይፋ የሚጻፈው በቁቤ፣ ማለትም በላቲን ፊደል ነው። በቁቤ የሚጠብቀው ድምፅ ፊደሉ ይደገማል። አናባቢው ሲረዝምም እንደዚያው። «ላፋ» አናባቢዎቹ አጥረው ሲነበቡ መሬት ነው፤ ሲረዝሙ ለስላሳ ነው። ጽሑፉ ላይ ልዩነቱ ቁልጭ ብሎ ይታያል። እኛ ያ ስለሌለን አንድ ቃል መጨመር አለብን። «ጠባችን ይረሳል» ብትያት ኖሮ ያበቃ ነበር። አሁን ግን አትጻፊ፤ ደውዪላት።

ለሥራ ጅማ ከመጣሁ ወር ሆነኝ። ሱቅ ውስጥ አንዲት እናት ሲረዱኝ «ገለቶሚ» አልኳቸው። አብሮኝ የነበረው ልጅ አረመኝ። ምስጋና አይደለም እንዴ? (ከአጂፕ አካባቢ)

ምስጋና ነው፤ ግን ለእኩያህ ነው። ለትልቅ ሰው «ገለቶማ» ትላለህ። ለብዙ ሰዎችም ያው ነው። ሰላምታውም እንዲሁ ነው፤ ለእኩያ «አካም ጂርታ»፣ ለትልቅ «አካም ጂርቱ»። ለአንተ አዲስ ነገር አይደለም። በአማርኛም ስለ አንዲት እናት «መጡ፣ ተቀመጡ» ስንል በብዙ ቁጥር ነው የምናከብራቸው። ልጁን አመስግነው፤ እናትየውም ሞክረሃልና ደስ ይላቸዋል እንጂ አይቀየሙህም።

ጅሬን ያለውን የአባ ጅፋር ቤተ መንግሥት ለልጄ ሳሳየው «ቄስ ነበሩ?» አለኝ። ምን ልበለው?

የፈረስ ስም ነው በለው። «አባ» በአፋን ኦሮሞ አባት ማለት ነው፣ ባለቤትም ማለት ነው። ጅፋር ፈረሱ ነው። ዳግማዊ ምኒልክ አባ ዳኘው፣ ዳግማዊ ቴዎድሮስ አባ ታጠቅ የተባሉት በዚሁ ልማድ ነው። ልጁ ግን ጥሩ ጠይቋል፤ ዛሬ አማርኛ ሲናገር «አባ» የሚለው መነኩሴና ቄስ ነዋ!

ልጄ አማርኛን በእንግሊዝኛ ፊደል ትጽፍልኛለች። ማንበብ ያቅተኛል። ብናገር ኋላ ቀር ትለኛለች ብዬ ፈራሁ። (አባት)

ይንገሯት አባቴ። ስልኳ ላይ የአማርኛ ፊደል አለ፤ ካልለመደችው ድምፅ ቀድታ ትላክልዎ። ድምፅ ላይ መጥበቁም መላላቱም አለ፤ ናፍቆቱም ይሰማል።