በአፈሙዝ በሚጎርስ ጠመንጃ ትልልቅ አውሬ ስለማደን፦ ጥያቄና መልስ

መልስ፦ ጠይቁ፣ የምችለውን እመልሳለሁ። አንድ ነገር ግን አስቀድሜ ልበል፤ ጭስ አልባ ባሩድ፣ የዛሬ ጥይት ውስጥ ያለው፣ እዚህ ጠመንጃ ውስጥ አይገባም። ጥቁር ባሩድ ብቻ።

ጥያቄ፦ የትኛው ጠመንጃ ይሻላል?

መልስ፦ ለየትኛው አውሬ? በስንት ሜትር? እንዲህ ተድበስብሶ ለተጠየቀ መልስ የለኝም።

ጥያቄ፦ ጋሼ፣ የእኔ ጠመንጃ የበርሜሉ ቀዳዳ ስፋት 12.7 ሚሊሜትር ነው። ለአጋዘን ድቡልቡል አረር ይበቃል?

መልስ፦ ጥያቄ ማለት ይኼ ነው! ከተጠጋህ ይበቃል። አረሩ በጨርቅ ተጠቅልሎ ስለሚገባ ውፍረቱ 12.4 ገደማ ይሆናል፣ ክብደቱም 11 ግራም አካባቢ ነው። ባለ 13.7 ጠመንጃ ብትይዝ ግን 14 ግራም ተኩል ትልካለህ። ድቡልቡል አረርን አየር ቶሎ ያደክመዋልና እኔ ከ70 ሜትር በላይ ምላጭ አልስብም። አውሬው ጎኑን ሲሰጥህ ከፊት እግሩ ኋላ፣ ሳንባው ላይ። እርሳሱ ለስላሳ ይሁን፤ ጥፍርህ ካልጫረው ተወው። ከተኮስክ በኋላ ደግሞ ሄደህ ጨርቁን ከመሬት አንሳው። መሃሉ ክብ ሆኖ ጠቁሮ ዳሩ ደህና ከሆነ ልኩ ተገኝቷል። ከተቀደደ ወይ ከተቃጠለ ጨርቁ ሳስቷል፣ ወይ በበርሜሉ ውስጥ የተቆፈረው ጠመዝማዛ ቦይ ይቆርጠዋል።

ሌላ አባል፦ በባልጩት ድንጋይ ብልጭታ የሚተኩስ ካልሆነ ባህላዊ አይባልም። ቆብ፣ ማለት ሲመታ የሚቀጣጠል ትንሽ የብረት ክዳን፣ የሚመታው የኋላ ነገር ነው።

ሦስተኛ አባል፦ የኋላ? ስኮትላንዳዊው ቄስ ፎርሳይዝ በመመታት የሚቀጣጠለውን ያስመዘገበው እ.ኤ.አ. በ1807 ነው! በዝናብ ባልጩትህን ይዘህ ቁም እንግዲህ።

ሌላ አባል፦ ቅባት የጠጣ ቆዳ አለብሰዋለሁ፣ አይረጥብም።

መልስ፦ ሁለቱም ይገድላል። ወደ ጥያቄው እንመለስ።

ጥያቄ፦ ጭስ አልባውን ጥቂት ብቀላቅልስ?

መልስ፦ መጀመሪያ ያልኩትን አላነበብክም። ጥቂትም አይሆንም! በርሜሉ ፊትህ ላይ ይፈነዳል።

ጥያቄ፦ አረሩን ወደ ውስጥ በምንገፋበት ዘንግ ላይ ምልክት አድርጉ የሚባለው ለምንድን ነው?

መልስ፦ አረሩ ባሩዱ ላይ ተጭኖ መቀመጡን የምታውቀው ምልክቱ አፈሙዙ ጋ ሲደርስ ነው። መሃል ላይ ክፍተት ካለ በርሜሉ ያብጣል፣ ወይ ይሰነጠቃል። አንድ ጊዜ ያቆሰልኩት አጋዘን ሊያመልጠኝ ሲል ተቻኩዬ ሁለተኛውን አጎረስኩ። ዘንጉ ቆመ፤ ገባ ብዬ ቆብ ላደርግ ስል ምልክቱ ከአፈሙዙ አንድ ስንዝር ከፍ ብሎ አየሁት። አረሩን የያዘው ጥላሸቱ ነበር። እስኪገባ ገፋሁት፣ እጄ እየተንቀጠቀጠ። ከዚያ ወዲህ በየተኩሱ መሃል እርጥብ ጨርቅ አሳልፋለሁ። አጋዘኑን ደሙን ተከትለህ በኋላም ታገኘዋለህ። ባሩዱንም በትንሽ መስፈሪያ ስፈር፤ ባሩድ ከሚያዝበት ቀንድ በቀጥታ አታፍስ፣ በርሜሉ ውስጥ ፍም ሊኖር ይችላል።

ጥያቄ፦ ማጽጃስ?

መልስ፦ ሙቅ ውኃ፣ ከዚያ ዘይት፣ በዚያው ማታ። የባሩዱ ጥላሸት እርጥበት ይስባል፣ ነገ ዝገት ነው።