ለመቅደስ የሚሰጥ መጋረጃና ጽዋ

ጥያቄ፦ መምህር ሆይ፣ ጅማ የምንገኝ የጽዋ ማኅበርተኞች ነን። ለአጥቢያችን ቤተ ክርስቲያን የመቅደስ መጋረጃና ጽዋ ለመስጠት ገንዘብ አዋጥተናል። ምን ዓይነቱን እንግዛ? መንበሩንስ በፕላስቲክ አበባና ብልጭ ድርግም በሚል መብራት ብናስጌጠው?

መልስ፦ እግዚአብሔር መባችሁን ይቀበልላችሁ። አስቀድማችሁ አስተዳዳሪውን ጠይቁ፤ መጋረጃ ተደራርቦለት ማኅፈድ፣ ማለትም የቅዳሴው ዕቃ የሚሸፈንበት ጨርቅ፣ ያነሰው መቅደስ ብዙ ነው።

የመጋረጃውን ልክ ካህናቱ ይለኩላችሁ። ስፋቱ የበሩ እጥፍ ቢሆን ካህኑ ጽና (የዕጣን ማጠኛ) ይዞ ሲገባና ሲወጣ አይገለጥም። ጫፉ ከወለሉ አራት ጣት ያህል ከፍ ይበል፤ የጅማ ዝናብ ረጅም ነውና መሬት የነካ ከፋይ እርጥበት ስቦ ገበሩ ይሻግታል፣ ጥልፉም ይላቀቃል። ናይሎን ያለበትን ጨርቅ ተዉት፤ ፍም ከነካው ይቀልጣል። በዘጸአት 26፥31 የታዘዘው መጋረጃ ሰማያዊ፣ ሐምራዊና ቀይ ግምጃ ከጥሩ በፍታ ጋር ነበር፤ ለቀለም ምርጫ ከዚህ የተሻለ መነሻ የለም።

ጽዋው ላይ ግን አደራ እላለሁ። የቅዳሴው ወይን ከዘቢብ የሚዘጋጅ ስለሆነ ኮምጣጣነት አለው፤ ያልተለበጠ ናስ ወይም መዳብ ሲነካው አረንጓዴ ዝገት ያወጣል፣ ያም ለጤና ጎጂ ነው። ስለዚህ ውስጡ ብር ወይም በወርቅ የተለበጠ ይሁን። የጽዋው እግር ከአካሉ የተያያዘበትን፣ የውስጡንም ግርጌ በጣታችሁ ዳብሱ፤ ስንጥቅ ካለው ክቡር ደሙ ገብቶ ይቀራል፣ ካህኑ አጥቦ ሊጠጣው አይችልም። ዕርፈ መስቀሉ፣ ማለትም ክቡር ደሙ የሚቀዳበት ማንኪያ፣ እስከ ጽዋው ግርጌ ይድረስ፤ አጎበሩም (መክደኛው) ከጻሕሉ፣ ከኅብስቱ ሳሕን ጋር ልክ ይሁን፤ ለየብቻ የተገዙ ብዙ ጊዜ አይገጣጠሙም። ይህን ሁሉ ከመባረኩ በፊት አድርጉት፤ ሊቀ ጳጳሱ ከባረከው በኋላ ምእመን አይነካውም። ሲታጠብም በሽቦ አይፈተግ፣ ልባጡ ይላጣል።

አበባውንና መብራቱን አልመክራችሁም። የፕላስቲክ አበባ አቧራና የዕጣን ጥቀርሻ ይሰበስባል፣ ከጧፍ አጠገብም እሳት ያስነሣል። ብልጭ ድርግም የሚለው መብራት ደግሞ የአገልጋዩን ዓይን ከጸሎቱ ይነጥቃል። አባቶቻችን ጌጥን አልጠሉም፤ የጎንደር ደብረ ብርሃን ሥላሴን ጣሪያ በመላእክት ፊት የሞሉት እነርሱ ናቸው። ያ ግን ምእመኑን ወደ ጸሎት የሚያነሣ ጌጥ ነው።

በተረፈው ገንዘብ የንጹሕ ሰም ጧፍ ግዙ፤ የፓራፊን ሻማ ጥቀርሻ ሥዕሉን ያጠቁራል። የመጋረጃውንም ዘንግ ለመስቀል ሥዕል ባለበት ግድግዳ ላይ ሚስማር አታስመቱ፤ በጥንት አብያተ ክርስቲያናት ሥዕሉ ብዙ ጊዜ በግድግዳው ላይ በተለጠፈ ጨርቅ የተሣለ ስለሆነ፣ አንድ ቦታ ከተቀደደ እርጥበት ገብቶ ቀስ በቀስ ያላቅቀዋል።