ስማርት ሆም ስለመዘርጋትና በራሱ እንዲሠራ ስለማድረግ፦ ጥያቄና መልስ

ስማርት ሆም ማለት መብራቱ፣ በሩና ሌላው ዕቃ በስልክ ወይም በራሱ የሚታዘዝበት ቤት ነው። ላለፉት ስምንት ዓመታት በራሴና በቤተ ዘመድ ቤቶች ውስጥ አምፖል፣ ሴንሰር (እንቅስቃሴን፣ ውሃን ወይም ሌላ ለውጥን የሚለይ መሣሪያ)፣ ማብሪያ ማጥፊያና የመጋረጃ ሞተር ስገጥም፣ ስነቅልና መልሼ ስገጥም ቆይቻለሁ። ከዚህ በታች የምሰጣቸው መልሶች ሁሉ የሚነሡት ከአንድ እምነት ነው፤ ኢንተርኔት ቢቋረጥም፣ የስልክ ባትሪ ቢያልቅም፣ ሥርዓቱን የዘረጋው ሰው ከቤት ቢርቅም፣ በቤቱ ውስጥ ያለ ማንኛውም ሰው እንደ ወትሮው መብራት ማብራትና በር መክፈት መቻል አለበት።

ጥያቄ፦ ስማርት ሆም ለመጀመር ገንዘብ አጠራቅሜአለሁ። አምፖል፣ ካሜራ፣ የበር ቁልፍና ስፒከር አንድ ላይ የያዘ ጥቅል ልገዛ ነው። ምን ይመክሩኛል?

መልስ፦ ጥቅሉን ገና አይግዙ። በቅድሚያ ለአንድ ሳምንት ያህል በቤትዎ ውስጥ የሚደጋገሙ ጥቃቅን ችግሮችን በወረቀት ይመዝግቡ፤ ሌሊት ሲነሡ ኮሪደሩ መጨለሙ፣ በሁለት እጅ ዕቃ ይዘው ሲገቡ ማብሪያውን መጫን አለመቻልዎ፣ ከወጡ በኋላ ካውያውን ነቅዬዋለሁ ወይስ አልነቀልኩትም እያሉ መጨነቅዎ ሊሆን ይችላል። ከዝርዝሩ ውስጥ ብዙ ጊዜ የተደጋገመውን አንዱን ብቻ ይምረጡና ለእሱ የሚበቃውን ዕቃ ገዝተው ሁለት ሳምንት ይኑሩበት። በእኔ ቤት ከሁሉም በላይ የጠቀመኝ ዕቃ ከልብስ ማጠቢያው ሥር ያስቀመጥኩት ትንሽ የውሃ ፍሳሽ ሴንሰር ሲሆን፣ በማንኛውም ማራኪ ጥቅል ውስጥ አላገኘሁትም ነበር።

ጥያቄ፦ በየማሸጊያው ላይ ዋይፋይ፣ ዚግቢ፣ ዜድ ዌቭ፣ ትሬድና ማተር የሚሉ ቃላት አያለሁ። የትኛውን ልምረጥ?

መልስ፦ ከአምስቱ ማተርን ለብቻው ያስቀምጡት፤ ምክንያቱም የቀሩት አራቱ መልእክት የሚጓዝባቸው መንገዶች ሲሆኑ ማተር ግን ዕቃዎቹ የሚግባቡበት ቋንቋ ነው።

ዋይፋይ ተጨማሪ ማዕከል፣ ማለትም ዕቃዎቹን የሚያገናኝና የሚያዝዝ ሣጥን፣ ስለማይፈልግ ለጀማሪ ቀላል ነው፤ ነገር ግን ኃይል ስለሚበላ በትንሽ ባትሪ ለሚሠራ ሴንሰር አይመችም፣ ዕቃው ሲበዛም ራውተሩን ያጨናንቃል። ዚግቢና ትሬድ ሁለቱም በ802.15.4 የሬዲዮ መስፈርት ላይ የተመሠረቱ ናቸው፤ በ2.4 ጊጋኸርዝ ይሠራሉ፣ ጥቂት ኃይል ይወስዳሉ፣ ዕቃዎቹም መልእክትን አንዱ ከሌላው እየተቀበለ ያስተላልፋሉ። ዜድ ዌቭም በመቀባበል የሚሠራ ሲሆን ዝቅተኛ የሆነ የሬዲዮ ሞገድ ስለሚጠቀም ግድግዳን በተሻለ ሁኔታ ያልፋል፣ ከዋይፋይም ጋር አይጋጭም። ይሁን እንጂ ሞገዱ እንደየአካባቢው ይለያያል፤ በአውሮፓ 868 ሜጋኸርዝ፣ በሰሜን አሜሪካ 908 ሜጋኸርዝ አካባቢ ስለሆነ ለአንዱ አካባቢ የተሠራ ዕቃ ከሌላው ማዕከል ጋር አይገናኝም።

ማተርን እ.ኤ.አ. በ2022 ያወጣው፣ ቀድሞ ዚግቢ አሊያንስ ይባል የነበረውና አሁን ኮኔክቲቪቲ ስታንዳርድስ አሊያንስ የተባለው ማኅበር ሲሆን፣ አፕል፣ ጉግል፣ አማዞንና ሳምሰንግ ተሳትፈውበታል። ጥቅሙ ሁለት ነው፤ ትእዛዙ የሩቅ ሰርቨር (የአምራቹ ኮምፒውተር በኢንተርኔት ላይ) ሳያስፈልገው እዚያው ቤት ውስጥ ይፈጸማል፣ አንድ ዕቃም በአንድ ጊዜ ከአንድ በላይ ሥርዓት ሊያዝዘው ይችላል። የማተር ምልክት ያለበት ዕቃ በዋይፋይ ወይም በትሬድ ሊሠራ እንደሚችል ግን አይዘንጉ፤ ትሬድ ከሆነ ከቤቱ ኔትወርክ ጋር የሚያገናኘው ድልድይ፣ ማለትም ቦርደር ራውተር፣ ያስፈልገዋል። አንዳንድ ልዩ አገልግሎቶችም በአምራቹ መተግበሪያ እንጂ በማተር በኩል አይታዩም።

የራሴ ምርጫ ለሴንሰርና ለማብሪያ ማጥፊያ ዚግቢ ወይም ትሬድ፣ ብዙ መረጃ ለሚያስተላልፍ እንደ ካሜራ ያለ ዕቃ ዋይፋይ፣ ከተቻለም የኔትወርክ ገመድ ነው።

ጥያቄ፦ አዲሱ ስማርት ሶኬት ከዋይፋዬ ጋር አልገናኝ አለኝ፤ ስልኬ ግን በደንብ ይሠራል።

መልስ፦ አብዛኞቹ እንዲህ ያሉ ዕቃዎች የሚያውቁት 2.4 ጊጋኸርዝን ብቻ ሲሆን ስልክዎ ግን በ5 ጊጋኸርዝ ተገናኝቶ ሊሆን ይችላል። ራውተርዎ ሁለቱን በአንድ ስም የሚያወጣ ከሆነ፣ ሶኬቱን እስኪያገናኙ ድረስ 5 ጊጋኸርዙን ለጊዜው ያጥፉት። አሁንም እምቢ ካለ የኔትወርኩ ጥበቃ ደብሊው ፒ ኤ 3 (አዲሱ የዋይፋይ ምስጠራ ዓይነት) ብቻ ሆኖ እንደሆነ ይመልከቱ፤ የቆዩ ዕቃዎች የሚቀበሉት ደብሊው ፒ ኤ 2ን ነው። ሌላም ልጨምርልዎት፤ ወደፊት ራውተር ሲቀይሩ ለአዲሱ የአሮጌውን ስምና የይለፍ ቃል ይስጡት፤ ሃያ ዕቃ አንድ በአንድ እንደገና ከማስተካከል ይድናሉ።

ጥያቄ፦ የዚግቢ ሴንሰሮቼ በየሳምንቱ ከኔትወርኩ ይወጣሉ። ባትሪ ቀይሬ አይቻለሁ፣ ለውጥ የለም። ዕቃዎቹ ርካሽ ስለሆኑ ይሆን?

መልስ፦ ዕቃዎቹን ከመወንጀልዎ በፊት መንገዱን እንመርምር። በባትሪ የሚሠራ የዚግቢ ዕቃ የራሱን መልእክት ብቻ ይልካል፤ የሌላውን ተቀብሎ የሚያስተላልፈው ከመስመር ኤሌክትሪክ የሚያገኝ ዕቃ፣ ለምሳሌ ሶኬት ነው። ስለዚህ ሃያ ሴንሰር ገዝቶ አንድም ሶኬት ያላስገባ ሰው ሃያዎቹም በቀጥታ ማዕከሉን እንዲደርሱ እያስገደዳቸው ነው። በየሁለት ክፍሉ አንድ የዚግቢ ሶኬት ያስገቡ፤ አስቀድመው ሶኬቶቹን፣ ቀጥሎ ሴንሰሮቹን፣ እነሱንም ለዘለቄታው በሚቀመጡበት ቦታ ላይ እንዳሉ ያገናኙ። የግድግዳው ማብሪያ በየጊዜው የሚያጠፋው አምፖል ግን ለአስተላላፊነት አይሆንም፤ በጠፋ ቁጥር በእሱ ላይ የተደገፉት ሴንሰሮች ሁሉ መንገድ ያጣሉ።

ሁለተኛው ምክንያት የሬዲዮ መጋጨት ነው። ዚግቢና ዋይፋይ ያንኑ 2.4 ጊጋኸርዝ ይጋራሉ፤ ሁለቱም ሞገዱን ቻናል በሚባሉ ክፍሎች ይከፋፍሉታል። የዋይፋይ ቻናል 1፣ 6 እና 11 የዚግቢን አብዛኛውን ክፍል ይሸፍናሉ፤ በመካከላቸው በአንጻራዊነት ነጻ የሚሆኑት የዚግቢ ቻናል 15፣ 20 እና 25 ናቸው። የራውተርዎን ቻናል በራሱ እንዲቀያየር አይተዉት፤ አንዱን መርጠው ያጽኑትና ዚግቢውን ከእሱ ያርቁ። ቻናል ሲቀይሩ አንዳንድ ዕቃዎችን እንደገና ማገናኘት ሊያስፈልግ ስለሚችል ይህን ዕቃው ሳይበዛ ቢያደርጉት ይሻላል።

ሦስተኛውን ለማወቅ እኔ ብዙ ወራት ፈጅቶብኛል። የዚግቢ መቀበያው በቀጥታ ኮምፒውተሩ ላይ የተሰካ ከሆነ፣ ዩ ኤስ ቢ 3 መሰኪያ የሚያወጣው የሬዲዮ ሁከት ጆሮውን ያደነቁረዋል። አንድ ሜትር በሚሆን የዩ ኤስ ቢ ማራዘሚያ ገመድ ከኮምፒውተሩና ከራውተሩ ቢያርቁት፣ ሌላ ምንም ሳይለወጥ ግማሹ ችግር ሲቃለል አይቻለሁ።

ጥያቄ፦ ስማርት አምፖል ይሻላል ወይስ ስማርት ማብሪያ ማጥፊያ?

መልስ፦ ሰው ለሚበዛበት ቤት ማብሪያ ማጥፊያው ይሻላል። ስማርት አምፖል የሚሠራው የግድግዳው ማብሪያ ሁልጊዜ በርቶ እስካለ ድረስ ነው፤ እንግዳ ወይም ልጅ ከግድግዳው ካጠፋው አምፖሉ ለማንኛውም ትእዛዝ አይመልስም። የብርሃን ቀለም መቀየር ለሚፈልጉበት መብራት ብቻ አምፖል ይግዙ። ማብሪያ ማጥፊያ ከመግዛትዎ በፊት ግን ከግድግዳው ሳጥን ውስጥ ኒውትራል ሽቦ (የኤሌክትሪኩን ዑደት የሚዘጋው ሽቦ) መኖሩን በኤሌክትሪክ ባለሙያ ያስመርምሩ፤ ብዙዎቹ ያለ ኒውትራል አይሠሩም፣ በብዙ አሮጌ ቤቶችም ወደ ማብሪያው የወረደው ፌዙ (ኤሌክትሪክ የሚያመጣው ሽቦ) እና ወደ አምፖሉ የሚመለሰው ሽቦ ብቻ ነው። ያለ ኒውትራል የሚሠሩም አሉ፤ ነገር ግን አነስተኛ ዋት ያለው ኤል ኢ ዲ አምፖል ጠፍቶም ቢሆን እንዲብለጨለጭ ሊያደርጉ ይችላሉ።

ጥያቄ፦ የውሃ ማሞቂያዬን በስማርት ሶኬት ላስኬደው?

መልስ፦ አያድርጉት። በሶኬቱ ላይ 10 አምፔር የሚል ከተጻፈ፣ በ230 ቮልት መስመር ላይ ጣሪያው 2300 ዋት ነው፤ ይህም ለረጅም ሰዓት ያለማቋረጥ የሚጎተት ኃይል መሆን የለበትም። ለውሃ ማሞቂያና ለምድጃ በባለሙያ የሚገጠም፣ ለጭነቱ የሚመጥን ኮንታክተር (ከባድ ኃይልን የሚያበራና የሚያጠፋ ማብሪያ) ያስፈልጋል። የክፍል ማሞቂያን በተመለከተ፣ በራሱ እንዲጠፋ እንጂ ማንም በሌለበት በራሱ እንዲበራ ፈጽሞ አላደርግም።

ጥያቄ፦ የእንቅስቃሴ ሴንሰር ገጠምኩ፤ ቁጭ ብዬ ሳነብ ግን መብራቱ ይጠፋብኛል። እጄን ማወዛወዝ ሰለቸኝ።

መልስ፦ በብዛት የሚሸጠው ሴንሰር የሚያየው የሚንቀሳቀስ የሰውነት ሙቀትን ነው፤ ያልተንቀሳቀሰ ሰው ለእሱ የለም። በአጠገቡ አቋርጦ የሚያልፈውን እንጂ በቀጥታ ወደ እሱ የሚመጣውንም ቶሎ አይለይም። ስለዚህ ለኮሪደርና ለደረጃ ተስማሚ ሲሆን ለማንበቢያ ክፍል ግን ጸጥ ብሎ የተቀመጠን ሰው ከትንፋሹ እንቅስቃሴ ጭምር የሚለይ ባለ ሚሊሜትር ሞገድ የራዳር ሴንሰር ይሻላል። ራዳሩ ደግሞ የሚወዛወዝ መጋረጃንና ማራገቢያን ሰው ነው ብሎ ሊሳሳት፣ ስስ ግድግዳንም አልፎ ሊያይ ስለሚችል አቅጣጫውንና ርቀቱን ማስተካከል ያስፈልጋል። ሁለቱን አጣምሮ ማሠራትም ይቻላል፤ ፈጣኑ የሙቀት ሴንሰር መብራቱን ያበራል፣ ራዳሩ ደግሞ ሰው እስካለ ድረስ እንዳይጠፋ ይጠብቀዋል።

ዕቃ ከመቀየርዎ በፊት ግን የጻፉትን ትእዛዝ ይመልከቱ። ብዙ ሰው «እንቅስቃሴ ሲኖር አብራ፣ ከአምስት ደቂቃ በኋላ አጥፋ» ብሎ ይጽፋል። ይህ ሰው ቢኖርም ባይኖርም ከአምስት ደቂቃ በኋላ ያጠፋል። ትክክለኛው «እንቅስቃሴ ከቆመ አምስት ደቂቃ ሲሞላው አጥፋ» የሚለው ነው፤ እያንዳንዱ አዲስ እንቅስቃሴ ቆጠራውን ከዜሮ ያስጀምረዋል። በተጨማሪም ሁለት ሁኔታዎች ያክሉበት፤ በቂ የቀን ብርሃን ካለ እንዳይበራ፣ ሰው በእጁ ያበራውንም መብራት ሥርዓቱ እንዳያጠፋው ያድርጉ። የምሽቱን መብራት በሰዓት ሳይሆን በፀሐይ መጥለቂያ ያስሩት፤ ወቅት በተለወጠ ቁጥር ከማስተካከል ያድንዎታል።

ጥያቄ፦ ዕቃውን የሠራው ድርጅት ቢዘጋ የገዛሁት ሁሉ ከንቱ ይሆናል?

መልስ፦ በእሱ ሰርቨር ብቻ የሚሠራ ከሆነ አዎን። ሪቮልቭ የተባለው ማዕከል፣ ድርጅቱ እ.ኤ.አ. በ2014 የጉግል ለሆነው ኔስት ከተሸጠ በኋላ በ2016 አገልግሎቱ ተቋርጦ ለገዙት ሰዎች ምንም የማይሠራ ሣጥን ሆኖ ቀርቷል። በ2022 ደግሞ ኢንስቲዮን የተባለው የስማርት ዕቃዎች አምራች ሰርቨሮች ያለ ማስጠንቀቂያ ጠፍተው ተጠቃሚዎቹ በድንገት መተግበሪያቸውን አጥተዋል። በራሴም ቤት የአንድ አምራች የመጋረጃ ሞተር ሰርቨሩ ሲታወክ ለሁለት ቀን አልከፈትም ብሎን፣ በግድግዳው ላይ ያለው ቁልፍ እንኳ በሩቅ ሰርቨር በኩል ዞሮ ይሠራ እንደነበር ያወቅነው ያን ጊዜ ነው።

ከመግዛትዎ በፊት የሚደረግ ፈተና ቀላል ነው፤ ዕቃው ካለው ወዳጅዎ ቤት ሄደው የኢንተርኔቱን ገመድ ከራውተሩ ነቅለው ይሞክሩት። ሁሉንም በቤት ውስጥ ለማሠራት እ.ኤ.አ. በ2013 የተጀመረውን ሆም አሲስታንት የተባለ ነጻ ሶፍትዌር በትንሽ ኮምፒውተር ላይ መጫን ይቻላል። በራስፕቤሪ ፓይ (መዳፍ በምታህል ርካሽ ኮምፒውተር) ላይ ከጫኑት ብዙ መጻፍ ቶሎ የሚያደክመውን ሚሞሪ ካርድ ትተው ኤስ ኤስ ዲ (ይበልጥ የሚቆይ የመረጃ ማስቀመጫ) ይጠቀሙ፣ መጠባበቂያ ቅጂውንም ከኮምፒውተሩ ውጭ ያስቀምጡ።

ጥያቄ፦ ሌባ በኢንተርኔት በኩል ቤቴ ይገባ ይሆን?

መልስ፦ እ.ኤ.አ. በ2016 ሚራይ የተባለው ተንኮል አዘል ሶፍትዌር እጅግ ብዙ ካሜራዎችንና ራውተሮችን የተቆጣጠረው፣ ከፋብሪካ ይዘውት የወጡትን የይለፍ ቃል ማንም ስላልቀየረው ነው። ስለዚህ የመጀመሪያው ሥራ እሱን መቀየር ነው። ቀጥሎ ለእያንዳንዱ መተግበሪያ የተለየ የይለፍ ቃልና ባለ ሁለት ደረጃ ማረጋገጫ ይጠቀሙ፤ ዕቃዎቹን ኮምፒውተርዎና የግል ፋይልዎ ካሉበት ኔትወርክ ለይተው በእንግዳ ኔትወርክ ላይ ያኑሯቸው፤ ከውጭ ሆነው ለመግባት በራውተሩ ላይ ፖርት (የኢንተርኔት መግቢያ) ከመክፈት ይልቅ ቪ ፒ ኤን (የተመሰጠረ የግል መስመር) ይጠቀሙ። የበር ቁልፍ ከሆነ በብረት መክፈቻም የሚከፈት ዓይነት ይምረጡ፤ በድምፅ ትእዛዝ እንዲከፈት ግን አይፍቀዱ፤ በመስኮት በኩል የሚጮኽ ሰውም ድምፅ አለው።

ጥያቄ፦ በመኝታ ቤት ካሜራ ማድረግስ?

መልስ፦ አያድርጉ።

ጥያቄ፦ እናቴ ብቻዋን ትኖራለች፤ ዕድሜዋም ገፍቷል። ቤቷን ስማርት ላደርግላት ፈልጌ ነበር፤ እሷ ግን «ቤቴ እንዳይጠፋኝ» ብላ ፈራች።

መልስ፦ እናትዎ ትክክል ናቸው፤ ሥራውንም ከዚያ ፍርሃታቸው ይጀምሩት። ሁሉም ማብሪያ በለመዱት ቦታና በለመዱት አኳኋን ይቆይላቸው፤ ቴክኖሎጂው ከማብሪያው ኋላ ይግባ። ስልክ እንዲይዙ ወይም ከስፒከር ጋር እንዲነጋገሩ የሚያስገድድ ነገር አያስገቡ። ከአልጋቸው አጠገብ እግራቸው መሬት ሲነካ ወደ መታጠቢያ ቤት የሚወስደውን መንገድ በደብዛዛ ብርሃን የሚያበራ ሴንሰር፣ ከኩሽናው ዕቃ ማጠቢያ ሥር የውሃ ፍሳሽ ሴንሰር፣ ሲጨስ ራሱ ጮኾ ለእርስዎም የሚያሳውቅ የጭስ ማስጠንቀቂያ ለመጀመሪያው ዓመት ይበቃል። እስከ ረፋድ የኩሽናው በር ካልተከፈተ ለእርስዎ መልእክት እንዲደርስ ማድረግም ይቻላል፤ ነገር ግን ይህ እሳቸውን መከታተል ስለሆነ ነግረዋቸው፣ ፈቅደው እንጂ በስውር አይሁን።

ራውተሩንና ማዕከሉን መብራት ሲጠፋ ለተወሰነ ሰዓት በሚያቆይ ዩ ፒ ኤስ ላይ ይሰኩ። በመጨረሻም በአንድ ወረቀት ላይ የትኛው ዕቃ የት እንደተገጠመ፣ በየትኛው ብሬከር እንደሚጠፋ፣ ባትሪው መቼ እንደተቀየረና ወደ ተራ ማብሪያ እንዴት እንደሚመለስ በትልልቅ ፊደል ጽፈው ከብሬከር ሳጥኑ ክዳን ጀርባ ይለጥፉት። እርስዎ በሌሉበት ቀን የሚጠራው የኤሌክትሪክ ባለሙያ መጀመሪያ የሚከፍተው እሱን ነው።