ከሴሪ ሲ2 እስከ አውሮፓ መድረክ፦ ስለ ፍራንቼስኮ ማኛኔሊ ጥያቄና መልስ

ሰላም ወዳጆች። ባለፈው ስለ ጣሊያን ታችኛ ሊጎች ስናወራ የማኛኔሊን ስም አንስቼ ነበር። "እሱ ደግሞ ማን ነው?" ያላችሁኝ ብዙ ናችሁ። እኔ በጣም የምወደው ተጫዋች ስለሆነ ዛሬ የጠየቃችሁኝን ሁሉ ልመልስ። ዓመቶቹ በሙሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።

ጥያቄ፦ እስቲ በአጭሩ፣ ማን ነው?

የተከላካይ አማካይ ነበር። በ1984 ኡምብሪያ ክልል ተወለደ። ጉቢዮ ጀመረ፣ ሳንጆቫኔዜም ተጫውቷል። በ2005፣ በ20 ዓመቱ፣ ሳሱዎሎ ገባ። ከዚያ በኋላ ሌላ ክለብ ሳይሄድ በ2022 ጫማውን ሰቀለ። ለሳሱዎሎ ከ500 በላይ ጨዋታ አድርጓል።

ጥያቄ፦ ሳሱዎሎ እኮ የሴሪ ኤ ክለብ ነው። ታችኛ ሊግ ያልከው ለምንድን ነው?

እሱ ሲገባ ሴሪ ሲ2 ነበር። ያኔ ከላይ ኤ፣ ቢ፣ ሲ1፣ ከዚያ ሲ2 ነው። አራተኛ እርከን ማለት ነው። (ከ2014 ወዲህ ሲ1 እና ሲ2 ተዋህደው 60 ክለቦች በሦስት ምድብ የሚጫወቱበት አንድ ሴሪ ሲ ሆነዋል።) ማኛኔሊ ሴሪ ኤ ላይ የመጀመሪያ ጨዋታውን ሲያደርግ 28 ዓመቱ ነበር። ግማሹን የተጫዋችነት ዕድሜውን ከታች ነው ያሳለፈው።

ጥያቄ፦ ሌላው አማካይ ከፍ ለማለት ክለብ ይቀይራል። እሱ ሳይንቀሳቀስ እንዴት ወጣ?

ክለቡ አብሮት ወጣ። ነገሩ እዚህ ላይ ነው።

ሳሱዎሎ 40 ሺህ ገደማ ሰው የሚኖርባት ከተማ ናት። የምትታወቀው በሴራሚክ ፋብሪካዎቿ ነው። ማፔይ የሚባለው ድርጅት ደግሞ የሴራሚክ ማጣበቂያ አምራች ነው። ባለቤቱ ጆርጆ ስኩዊንዚ ክለቡን ያዘና በትዕግሥት ገንዘብ አፈሰሰበት። በ2006 ወደ ሲ1 አደጉ። በ2008 ደግሞ ማሲሚሊያኖ አሌግሪ እያሠለጠናቸው ሴሪ ቢ ገቡ። አዎ፣ በኋላ ሚላንንና ዩቬንቱስን የያዘው አሌግሪ ራሱ።

ከዚያ ግን አምስት ዓመት ሴሪ ቢ ላይ ቆዩ። በ2010 ወደ ሴሪ ኤ ለማደግ በሚደረገው ማጣሪያ በቶሪኖ ተሸነፉ። በ2012 ሦስተኛ ወጥተው በማጣሪያ ሳምፕዶሪያ አስቀራቸው። ሁለቴ ደጃፍ ደርሶ መመለስ ሰውን ይሰብራል። ማኛኔሊ ግን ክለቡን ሳይለቅ ቆየ። በ2013 በውድድሩ የመጨረሻ ቀን ሊቮርኖን በጭማሪ ሰዓት ጎል 1 ለ 0 አሸንፈው የሴሪ ቢ ሻምፒዮን ሆኑ። ጎሏን ያገባው አብሮት መሀል ሜዳ የሚጫወተው ሲሞኔ ሚሲሮሊ ነው።

ጥያቄ፦ ጎል ያገባ ነበር?

አይ። የሱ ሥራ ሌላ ነው።

ጥያቄ፦ ላይ ሲደርሱ አልከበዳቸውም?

በጣም ከበዳቸው! በመስከረም 2013 ኢንተር በገዛ ሜዳቸው 7 ለ 0 አራገፈባቸው። ያን ቀን "እነዚህስ ይወርዳሉ" ያላለ አልነበረም። ግን በጥር ሚላንን 4 ለ 3 አሸነፉ። 2 ለ 0 እየተመሩ ነበር። የ19 ዓመቱ ዶሜኒኮ ቤራርዲ አራቱንም ጎል አገባ። በማግስቱ የሚላን አሠልጣኝ ተባረረ። አሠልጣኙ ማን ነበር? አሌግሪ! ሲ1 ላይ ማኛኔሊን ያሳደገው ሰው። በዚያ ዓመት 17ኛ ሆነው ለጥቂት ተረፉ።

በ2016 ስድስተኛ ጨርሰው ዩሮፓ ሊግ ገቡ። መስከረም ላይ አትሌቲክ ቢልባዎን 3 ለ 0 አሸነፉ። እንደ ማኛኔሊ ከሴሪ ሲ2 የመጣ አምበል ያለው ቡድን የስፔኑን ታላቅ ክለብ ሲረታ ማየት ለኔ የማይረሳ ነው።

ጥያቄ፦ ብሔራዊ ቡድንስ?

ለጣሊያን ዋናው ቡድን አልተሰለፈም።

ጥያቄ፦ ወንድሜ፣ ልጄ 15 ዓመቱ ነው፣ አማካይ ነው። ጎል ስለማያገባ ይከፋዋል። ምን ልበለው?

እናቴ፣ ስለጠየቁኝ ደስ ብሎኛል። የማኛኔሊን ጨዋታ ፈልገው አብረው ይዩ። ግን ኳሷን አይከተሉ፣ እሱን ብቻ ይከተሉ። ኳስ ሳይደርሰው ዞር ብሎ ያያል። ተመላላሹ ተከላካይ ወደፊት ሲሄድ ክፍት የቀረውን ቦታ ይሸፍናል። ኳስ ነጥቆ በሁለት ንክኪ ለቅርብ ሰው ይሰጣል። ይህ ጎል አይባልም፣ ግን ያለሱ ቡድኑ ይፈርሳል። ልጅዎ ይህን መሥራት ከቻለ ጥሩ አሠልጣኝ ያየዋል።

ጥያቄ፦ የሴሪ ሲ ተጫዋች ኑሮው ጥሩ ነው?

እንደ ክለቡ ነው። ትልቁ ስጋት ክለቡ ራሱ መፍረሱ ነው። ካታኒያ በሚያዝያ 2022 ውድድሩ ሳያልቅ ከሴሪ ሲ ተሰረዘ። በመጋቢት 2025 ደግሞ ታራንቶና ቱሪስ በአንድ ወር ውስጥ ከሊጉ ተሰረዙ። ተጫዋቹ ሜዳ ላይ ምንም ሳያጠፋ ሥራ አጥ ይሆናል። ሌላም አለ። ክለቦች ወጣት ሲያሰልፉ ከሊጉ ገንዘብ ያገኛሉ። ለወጣቱ መልካም ነው፣ 30 ዓመት ላለፈው አማካይ ግን በሩ ይጠባል። ማኛኔሊ የተረፈው ደመወዝ የሚከፍል ባለቤት ስለገጠመው ጭምር ነው። ይህን መካድ አይገባም።

ጥያቄ፦ በነዚህ ሊጎች የኛ ልጅ አለ?

ኢዮብ ዛምባታሮ አለ። ኢትዮጵያ ተወልዶ ጣሊያን ያደገ ነው። በአታላንታ ወጣት ቡድን አልፎ ለፓዶቫ፣ ለሞኖፖሊና ለሌኮ ተጫውቷል። አማካይ ሳይሆን የመስመር ተጫዋች ነው። ተከታተሉት።

ጥያቄ፦ ማኛኔሊ ካቆመ በኋላ ምን ሠራ?

በ2022 ዩቬንቱስ ገባ፣ በአሠልጣኝነት ረዳት። ማን ጠራው? አሌግሪ። ሳሱዎሎም 4 ቁጥር ማለያውን ሰቅሎለታል። ለሌላ ተጫዋች አይሰጥም።