የወረዳ ትምህርት ጽሕፈት ቤት ስትራቴጂክ ዕቅድ ከየት ይጀመር?

ሰላም ለሁላችሁ። አንድ አባላችን በቅርቡ የወረዳ ትምህርት ጽሕፈት ቤት ኃላፊ ሆነው መመደባቸውን፣ የአምስት ዓመት ስትራቴጂክ ዕቅድ አዘጋጅተው ለዞን እንዲልኩ ሁለት ወር እንደተሰጣቸው፣ ከእርሳቸው በፊት የነበረው ዕቅድ 43 ግቦች ቢኖሩትም ርዕሳነ መምህራኑ አንዱን እንኳ በቃላቸው ሊነግሯቸው እንዳልቻሉ ጽፈው «ከየት ልጀምር?» ሲሉ ጠይቀዋል። እኔ በመምህርነት፣ በርዕሰ መምህርነትና በጉድኝት ማዕከል (በአንድ ላይ የተደራጁ የአቅራቢያ ትምህርት ቤቶች) ሱፐርቫይዘርነት ከሠራሁ በኋላ በአንድ የገጠር ወረዳ የዕቅድ ዝግጅትና ክትትል ቡድን መሪ ስለነበርኩ፣ ያየሁትን ዘርዘር አድርጌ እጽፋለሁ።

በቅድሚያ የራሴን ጥፋት ልናገር። የመጀመሪያውን ዕቅድ ያዘጋጀሁት ከላይ የወረደውን ቅጽ ይዤ፣ የጎረቤት ወረዳን ዕቅድ በፍላሽ ተቀብዬ፣ ቁጥሮቹን በእኛ ቁጥሮች እየተካሁ ነበር። ለካቢኔ ቀርቦ ያለ ምንም ጥያቄ ጸደቀ። ከስምንት ወር በኋላ አንዲት ሱፐርቫይዘር ቢሮዬ ድረስ መጥታ፣ በሁለት ገጾች ላይ የጎረቤታችን ወረዳ ስም እንዳለ መቅረቱን በጣቷ አሳየችኝ። በእነዚያ ስምንት ወራት ገጾቹን ያነበበ ሰው አልነበረም ማለት ነው፤ እኔም ጭምር።

ከዚያ በኋላ የቀየርኩት ነገር ቢኖር አነሳሱን ነው። ግቦቹን በሙሉ በአንድ ትልቅ ወረቀት ላይ ጽፈን በእያንዳንዱ አጠገብ «ይህን የሚወስነው ማን ነው?» የሚል ዓምድ ጨመርን። ሥርዓተ ትምህርቱ የሚወሰነው በፌዴራልና በክልል ደረጃ ነው። የመማሪያ መጽሐፍ የሚታተመውና የሚከፋፈለው ከእኛ በላይ ነው። ከ1995 ዓ.ም ጀምሮ ለወረዳዎች በጥቅል የሚመደበው በጀት በእርግጥ በወረዳው ምክር ቤት ይደለደላል፤ ነገር ግን የትምህርት ዘርፉን ድርሻ የሠራ ሰው ሁሉ እንደሚያውቀው፣ የመምህራን ደመወዝ ከተነሳለት በኋላ ለሥራ ማስኬጃ የሚተርፈው እዚህ ግባ የሚባል አይደለም። ታዲያ በእጃችን የቀረው ምንድን ነው? የትኛው ርዕሰ መምህር የት እንደሚመደብ፣ የትኛው መምህር የትኛውን ክፍል እንደሚይዝ፣ ሱፐርቫይዘሮች ቀናቸውን በምን እንደሚያሳልፉ፣ ትምህርት ቤቶቹ ከባሕር ዛፍና ከእርሻ መሬት የሚያገኟት የውስጥ ገቢ በምን ላይ እንደምትውል፣ ይኸው ነው። በእኔ እምነት የወረዳ ስትራቴጂ ማለት በእነዚህ ጥቂት ውሳኔዎች ላይ ለአምስት ዓመት አቋም መያዝ ነው፤ የቀረውን ለዞኑ ቅጽ ይተዉት።

ሁለተኛው ነገር መነሻ ነው። በዕቅዱ ላይ ጥቅል ተሳትፎ (ዕድሜ ሳይለይ የተመዘገቡት ሁሉ) እና ንጥር ተሳትፎ (ዕድሜያቸው ለትምህርት ደረጃው የሚመጥን ብቻ)፣ የማቋረጥና የመድገም ምጣኔ በሰንጠረዥ ተደርድረዋል፤ ልጁ ማንበብ መቻል አለመቻሉን የሚነግር ግን አንድም ቁጥር አልነበረንም። ስለዚህ ከሁለተኛ ክፍል የአማርኛ መጽሐፍ አንዲት አጭር አንቀጽ መርጠን፣ በስድስት ትምህርት ቤቶች ከሦስተኛ ክፍል ሃያ ሃያ ልጆች በዕጣ አውጥተን፣ ለየብቻ እንዲያነቡልን አደረግን። አንዲት ልጅ ጽሑፉን እንደ ውኃ ስታወርደው ደስ ብሎን ልናሞግሳት ስንል፣ ጣቷ ያለው ሦስት መስመር ወደ ታች መሆኑን ርዕሰ መምህሯ አስተዋለ። ገጹን ከነሥዕሉ በቃሏ አጥንታዋለች። ሌላ ገጽ ስንገልጥላት ዝም አለች። ያን ዕለት ከግማሽ የሚበልጡት ልጆች አንድ ዓረፍተ ነገር መጨረስ አቅቷቸዋል። በእነዚያ ክፍሎች ተማሪ ሳይወድቅ ያልፍ ስለነበር፣ በሮስተሩ (በተማሪዎች የውጤት መዝገብ) ላይ ሁሉም «ተዛውሯል» የሚል ነበር።

ለምን እንዲህ ሆነ ብለን የመምህራኑን ድልድል ስናይ መልሱ ፊት ለፊት ተቀምጦ አገኘነው። የክልል ፈተና ስላለ ብርቱውና ልምድ ያለው መምህር ስምንተኛ ክፍል ነው። አዲስ ተቀጣሪው፣ ከርዕሰ መምህሩ ጋር ያልተስማማውና ጡረታው የደረሰው አንደኛ ክፍልን ይይዛል። የ2014 ዓ.ም የ12ኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተናን ከወሰዱት መካከል 50 በመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.3 በመቶ ብቻ መሆናቸው ሲገለጽ፣ እኛም ዘንድ የታቀደው ለ12ኛ ክፍል የቅዳሜና እሑድ ማጠናከሪያ ትምህርት ነበር። ማጠናከሪያውን አልቃወምም። ሆኖም ፊደል ሳይለይ ሦስተኛ ክፍል የደረሰ ልጅ 12ኛ ክፍል ላይ በቅዳሜ ትምህርት አይድንም።

ስለዚህ ያስገባነው አንዱ ዋና ግብ፣ በአምስት ዓመት ውስጥ በየትምህርት ቤቱ አንደኛና ሁለተኛ ክፍልን ከአምስት ዓመት በላይ ልምድ ያለው መምህር እንዲይዝ የሚል ነበር። ቀላል አልነበረም። «ከስምንተኛ ወደ አንደኛ ወረድኩ» የሚለው ስሜት ከደመወዝ ቅነሳ የማይተናነስ ቅሬታ ይፈጥራል። በግድ አላደረግነውም። ለፈቀዱት የክፍላቸውን ተማሪ ቁጥር ቀነስንላቸው፣ ከውስጥ ገቢው ለማስተማሪያ መሣሪያ ቅድሚያ ሰጠናቸው፣ በወላጆች ፊትም ምስጋና አቀረብንላቸው። ሁለት መምህራን እስከ መጨረሻው አሻፈረኝ ብለዋል፤ ተውናቸው።

ሱፐርቫይዘሮችን በሚመለከት አጭር ነገር ልበል። ለጉብኝት የሚይዙት ቼክሊስት ዘጠኝ ገጽ ነበር፤ የሚጠይቀውም ዕቅድ መኖሩን፣ ቃለ ጉባኤ መያዙንና ፋይል መደራጀቱን ነው። ነዳጅ ተበድረው በሞተር ሳይክል ሁለት ሰዓት ተጉዘው፣ ክፍል ውስጥ ሳይገቡ ፋይል አይተው ይመለሳሉ። አንድ ገጽ አደረግነው፦ ምን ክፍል ተቀምጠህ ተከታተልክ፣ ከመምህሩ ጋር በምን ተስማማችሁ፣ ባለፈው የተስማማችሁበትስ ምን ደረሰ?

ከዕቅዱ ይልቅ የአቴንዳንስ መዝገብ ብዙ እንደሚናገርም ያወቅነው ከእነርሱ ነው። አንድ ትምህርት ቤት ላይ ሱፐርቫይዘሩ የሦስት ወር መዝገብ ሲያገላብጥ፣ መቅረቱ የተከማቸው ሐሙስ ሐሙስ ሆኖ አገኘው፤ የገበያ ቀን ነው። በኅዳር ደግሞ በአዝመራ ስብሰባ ምክንያት ክፍሉ ግማሽ ይሆናል። የእኛ ዕቅድ ለዚህ «የህብረተሰብ ንቅናቄ መፍጠር» የሚል መፍትሔ አስቀምጦ ነበር። ወላጆች ግን በወላጅ ተማሪ መምህር ኅብረት ስብሰባ ላይ ልጁ ቤት ካልጠበቀ ገበያ እንደማይሄዱ በግልጽ ተናገሩ። ሐሙስን በጠዋት ጀምሮ ቀድሞ መልቀቅ፣ የጎደለውን ክፍለ ጊዜ ቅዳሜ ማካካስ በሚል ተስማማን። ወረዳው ያወጣው ገንዘብ የለም።

ያልተሳካልኝንም ላንሳ፤ የርዕሳነ መምህራን ምደባን። በትምህርት ቤት ማሻሻያ ፕሮግራም መሠረት እያንዳንዱ ትምህርት ቤት ግለ ግምገማ አድርጎ የሦስት ዓመት ዕቅድ ያወጣል፤ በመማር ማስተማር፣ በምቹ የመማሪያ አካባቢ፣ በአመራርና በህብረተሰብ ተሳትፎ። እኔ በነበርኩበት ወረዳ ግን አንድ ትምህርት ቤት በሦስት ዓመት አራት ርዕሳነ መምህራን ተፈራርቀውበታል። አንዱ ያቀደውን ሌላው ሳያነበው ይነሳል። በፖለቲካ ግምገማ፣ በዘመድም፣ በቅሬታም ይነሳሉ። ርዕሰ መምህር ጉልህ ጥፋት ካልተገኘበት ሦስት ዓመት ሳይሞላው እንዳይነሳ ካቢኔው በቃለ ጉባኤ እንዲወስን ጠይቄ በቃል ተስማምተው በጽሑፍ አልፈረሙም። እርስዎ አዲስ ስለሆኑና ገና ከማንም ጋር ስላልተጋጩ፣ ይህን በመጀመሪያው ወር ያስፈርሙ፤ ከዚያ በኋላ ይከብዳል።

ስለ ጊዜ፦ የበጀት ዓመቱ ሐምሌ 1 ስለሚጀምር፣ የትምህርት ቤቶቹ ግለ ግምገማ ቢዘገይ እስከ ሚያዝያ ካልተጠናቀቀ፣ የእነርሱ ችግር በበጀት ጥያቄዎ ውስጥ አይገባም። ክረምት ላይ የሚደረግ ግለ ግምገማ ለፋይል ነው። ለዞን የሚላከውን ሰነድ በቅጹ መሠረት 43ቱንም ግቦች ይዘው ይሙሉ፤ መጣላት አያስፈልግም። ለራስዎና ለርዕሳነ መምህራኑ ግን ከአራት ገጽ የማይበልጥ፣ ሁሉም የሚያውቀው የውስጥ ዕቅድ ይኑርዎት።

አንድ ማስጠንቀቂያ አለኝ። ቁጥር በትክክል መቆጠር ሲጀምር መጀመሪያ የሚታየው ውድቀት ነው። እኛ በመስከረም ተመዝግቦ በጥር ክፍል ውስጥ የሌለውን ልጅ ሁሉ ስም በስም ስንቆጥር፣ በሪፖርት ከሁለት በመቶ በታች የነበረው ማቋረጥ ሦስት እጥፍ ሆኖ ተገኘ። ይህ እንደሚመጣ ለካቢኔውም ለዞኑም በጽሑፍ አስቀድመው ያሳውቁ። እኔ ሳላሳውቅ ቀርቼ፣ በግማሽ ዓመቱ ግምገማ ላይ «በአንተ ጊዜ ትምህርቱ ሞተ» ተብዬ ከጠዋት እስከ ምሳ ሰዓት ቆሜ ሳስረዳ ውያለሁ።