ለፓርኪንሰን ታማሚ የማቅለሽለሽ መርፌ? ቆይ እህቴ

እህቴ፣ አባትሽ የፓርኪንሰን መድኃኒት ከጀመሩ ወዲህ እያቅለሸለሻቸው ነው፣ «ሰፈር ክሊኒክ ወስጄ መርፌ ላስወጋቸው ወይ?» ብለሻል። ይሄን ሳታነቢ እንዳትሄጂ።

1. ፕላዚል የሚባለውን የማቅለሽለሽ መርፌ እንዳይወጉ። ክኒኑም ያው ነው። በሌላ ስሙ ሜቶክሎፕራማይድ ይባላል። የኛን አባባ ፒያሳ አካባቢ አንድ ክሊኒክ ወሰድናቸው። ፓርኪንሰን እንዳለባቸው ተናግሬያለሁ፣ የሚወስዱትን መድኃኒት ከነካርቶኑ ጠረጴዛው ላይ አስቀምጫለሁ። መርፌ የሚወጋው ልጅ ዞር ብሎም አላየው። «ማዘር፣ ሥራችንን እናውቃለን፣ ውጪ ጠብቂ» አለኝ (ዕድሜያችን እኮ እኩል ነው!)። ፕላዚሉን ወጋቸው። ማታ አባባ ከአልጋ መነሳት አቃታቸው። ፊታቸው ድርቅ አለ፣ እግራቸው አልነሳ አለ፣ ምራቃቸውን እንኳ መዋጥ ተሳናቸው። ስትሮክ ነው ብለን በራይድ ከሆስፒታል ሆስፒታል ስንንከራተት አደርን። በኋላ ያየቻቸው የነርቭ ሐኪም መጀመሪያ የጠየቀችን «ምን ተወጉ?» ብላ ነው። ክሊኒኩ ሄጄ ስነግራቸው ደግሞ «እርጅና ነው» አይሉኝ መሰለሽ!

ሐኪሟ እንዳስረዳችን፣ መሃል አንጎል ውስጥ ዶፓሚን የሚያመርቱ ጠቆር ያሉ ሴሎች አሉ። ሰውነት እንደልብ የሚታዘዘው በዶፓሚን ነው። ፓርኪንሰን እነዚህን ሴሎች ቀስ በቀስ ይጨርሳቸዋል፤ እጅ መንቀጥቀጥ ሲጀምር ብዙዎቹ አልቀዋል። አባትሽ የሚወስዱት ሌቮዶፓ ከሆነ፣ አንጎል ገብቶ ዶፓሚን ይሆናል። ፕላዚል ደግሞ እዚያው ድረስ ገብቶ ዶፓሚኑ የሚያርፍበትን ቦታ ይዘጋል። ሃሎፔሪዶልም ያው ነው፤ ሽማግሌ ሌሊት ሲቃዥና ሲረብሽ እሱን የሚያዝ አይጠፋም፣ ንቂ።

2. ማቅለሽለሹን ለጻፈላቸው ሐኪም ንገሪ። መጠኑን ቀስ እያለ ሊያስጀምራቸው ይችላል። ዶምፔሪዶን የሚባል የማቅለሽለሽ መድኃኒት አለ፣ አንጎል ውስጥ ብዙም አይገባም፣ ግን ልብ ላይ ጣጣ አለው፣ ራስሽ እንዳትገዢ። ለጊዜው ከቁራሽ ዳቦ ጋር ይውሰዱት። ከሥጋና ከእንቁላል ጋር ግን አይሆንም፣ ፕሮቲን መድኃኒቱን ይሻማዋል። ሽሮም ፕሮቲን ነው፣ ጾም ነው ብለሽ እንዳትዘናጊ።

3. አክስቴ «ጠበል ሲጀምር መድኃኒቱን ይተው» ብላ ቤቱን ስታምስ ከረመች። በድንገት ማቆም እኮ ትኩሳት ያመጣል፣ ሰውነት ያገትራል፣ ይገድላልም። ጠበሉን ከነመድኃኒቱ አስጀመርኳቸው፣ እሷም እስካሁን አኩርፋኛለች፣ ታኩርፍ።

አሁን «ፓርኪንሰን አለብኝ፣ ፕላዚልና ሃሎፔሪዶል እንዳትሰጡኝ» የሚል ወረቀት በፕላስቲክ አሽጌ ከመታወቂያቸው ጋር አድርጌዋለሁ። አራት ኪሎ ያለች ፋርማሲስት አይታው ፎቶ አነሳችው፣ ለሌሎችም አሳያለሁ አለችኝ። ቀድመሽ አስወግተሻቸው ከሆነና ከገተራቸው ግን እስከ ጠዋት አትጠብቂ፣ የተወጉትን ስም ጽፈሽ ድንገተኛ ክፍል ውሰጃቸው። አባባ መድኃኒቱ ከሰውነታቸው ሲወጣ ተመልሰው ቆመዋል።