የድሮዋ የዲንኪ መኪና ስንጥቅ ዝገት አይደለም

ጥያቄ፦ የምኖረው ለንደን ሲሆን፣ በእሑድ ገበያዎች እየዞርኩ የድሮ የብረት መጫወቻ መኪኖችን እሰበስባለሁ። በቅርቡ ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በፊት የተሠራች ናት የተባለች የዲንኪ ቶይስ መኪና ገዛሁ። ቀለሟ በየቦታው ተልጧል፤ ጣሪያዋ ላይ የሸረሪት ድር የመሰሉ ስንጥቆች አሉ፤ አንዱ ጎኗም ያበጠ ይመስላል። ዝገቱን አስለቅቄ እንደገና ልቀባት አስቤያለሁ። ዝገቱ ወደ ሌሎቹ መኪኖቼ ይተላለፍ ይሆን?
አንባቢ፣ ከለንደን

መልስ፦ ቀለሙን ሳያስለቅቁ መጠየቅዎ እጅግ መልካም ነው፤ የገለጹት ምልክት ዝገት አይደለምና። የእነዚህ መኪኖች አካል የተሠራው ጥቂት አሉሚኒየም፣ መዳብና ማግኒዥየም ከተጨመረበት፣ ቀልጦም በግፊት ወደ ቅርጽ ማውጫ ከሚገባ የዚንክ ቅይጥ ነው። ቅይጡ ሲዘጋጅ ጥቂት እርሳስ እንኳ ከተቀላቀለበት፣ እርሳሱ በዚንኩ ጥቃቅን ክሪስታሎች መካከል ይሰፍራል። ከዓመታት በኋላ የአየሩ እርጥበት በዚያው በኩል እየዘለቀ ዚንኩን ከውስጥ ይበላዋል፤ የሚፈጠረውም ውህድ ከዚንኩ የበለጠ ቦታ ስለሚይዝ አካሉ ያብጣል፣ ይጣመማል፣ ይሰነጠቃል፣ በመጨረሻም በእጅ ሲነካ ይፈረፈራል። ፍራንክ ሆርንቢ የመሠረተው የመካኖ ኩባንያ፣ እ.ኤ.አ. ከ1934 ጀምሮ ዲንኪ ቶይስ በሚል ስም በሊቨርፑል ካመረታቸው መኪኖች መካከል በዚህ ጉዳት በብዛት የሚታወቁት ከጦርነቱ በፊት የተሠሩት ናቸው።

መንስኤው በእያንዳንዷ መኪና ቅይጥ ውስጥ ያለ ስለሆነ ወደ ጎረቤቷ አይተላለፍም። መድኃኒትም የለውም፤ ይህን ስነግርዎ አዝናለሁ። ማድረግ የሚቻለው ማዘግየት ብቻ ነው፤ ሙቀትና እርጥበት ጉዳቱን ስለሚያፋጥኑ፣ መኪናዋን ከክፍል ማሞቂያ፣ ከፀሐይና ከእርጥብ ምድር ቤት አርቀው፣ ሙቀቱ ብዙ በማይለዋወጥ ደረቅ ስፍራ ያስቀምጧት። በውኃ አይጠቧት፤ ሲያነሷትም ከጫፍና ከጫፍ ሳይሆን ከሥር በመዳፍዎ ደግፈው ይሁን።

እንደገና መቀባቱን ፈጽሞ አልመክርም። የቀለም ማስለቀቂያውና ፍተጋው የላላውን አካል ሊሰብሩት ይችላሉ፤ ከዚህም በላይ ሰብሳቢ ከምንም አስበልጦ የሚፈልገው፣ ቢላጥም እንኳ፣ ከፋብሪካው የወጣውን ቀለም ነው። ቀለሙ አንድ ጊዜ ከተነሣ መኪናዋ የዘመኗን ምስክርነት ታጣለች፤ ዋጋዋም ይወርዳል።

የዕድሜዋን ነገር ለማረጋገጥ መንኰራኩሮቿን ይመልከቱ። ከጦርነቱ በፊት የተሠሩት በአብዛኛው ለስላሳ ገጽ ያላቸው መንኰራኩሮችና ቀጫጭን የመንኰራኩር ዘንጎች ሲኖሯቸው፣ ከጦርነቱ በኋላ የመጡት መንኰራኩሮች ከፍ ያለ ክብ ጠርዝ አላቸው፤ ዘንጎቻቸውም ወፈር ይላሉ። ሆኖም መንኰራኩር ሊቀየር ስለሚችል ይህ ብቻውን በቂ ማስረጃ አይሆንም።

ወደፊት ሲገዙ የመኪናዋን ርዝመት ጤነኛ ከሆነች ተመሳሳይ መኪና ጋር ያስተያዩ፤ የታመመችው ባበጠች መጠን ትረዝማለች። ለስብስብዎ ግን እ.ኤ.አ. በ1953 የሌስኒ ኩባንያ ለንደን ውስጥ መሸጥ የጀመራቸውን ማችቦክስ መኪኖች፣ ወይም ከ1956 ጀምሮ በስዋንሲ የተመረቱትን የኮርጊ መኪኖች ብመርጥልዎ ደስ ይለኛል፤ በእነዚህ ላይ ይህ ጉዳት እምብዛም አይታይም። የካርቶን ሣጥናቸው አብሯቸው ከተገኘ አይጣሉት፤ ዋጋቸውን በእጅጉ ከፍ ያደርገዋል።